ልጆቻችንን የነገሥታቱን ግቢ እናሳያቸው



ሰሞኑን እዚህ መቱ ከተራዊህ ሶላት በኋላ ቡና ቀርቦ ተቀምጠን ሳለ አንድ አባት ጥያቄ አነሣልን። «ሼኻችን፣ የልጄ ትምህርት ቤት ከዒድ በኋላ ተማሪዎቹን ጅማ ወስዶ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ሊያስጎበኝ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ጎንደር ይላሉ። ገንዘቡን ልክፈል ወይስ ልተወው? የነገሥታት ቤት ማየት ለዲኑ ምን ይጠቅመዋል? ሥዕልና ምስል የተሰቀለበት ሙዚየም መግባቱስ እንዴት ነው?» አለን።

ከተቀመጡት መካከል አንዱ «ያለፈ ዱንያ ነው፤ ገንዘቡን ለሰደቃ አውጣው» አለው። ሌላው «ልጁ ከጓደኞቹ ተለይቶ ይቅር እንዴ?» ብሎ ተከራከረ። በማግሥቱ ደግሞ ወሬው መድረሳ ደርሶ ኖሮ አንዲት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሙስሃፏን አጥፋ «አባባ፣ ጎንደር ግቢ ውስጥ የኛ ሰዎችም ነበሩ?» ብላ ጠየቀችን።

የአባትየው ጥያቄ የፊቅህ ጥያቄ ነው። የልጅቷ ግን ከዚያ ይከብዳል። ለሁለቱም ቆመን የመለስነው አጭር ስለ ነበር፣ በዚህ በተከበረው ወር ቤተሰቦች በጋራ ቢያነቡት ብለን ሰፋ አድርገን ልንጽፈው ወደድን።

በቅድሚያ የራሳችንን ጥፋት እንናገር። ከዓመታት በፊት ወጣቶች ተመሳሳይ ነገር ሲጠይቁን «ጊዜያችሁን አታባክኑ» ብለን የመለስናቸው እኛው ነን። ያን ጊዜ ኪታብ ቀርተን ነበር፤ ኪታቡ ተመልከቱ ያለንን ግን ወጥተን አልተመለከትንም ነበር።

አላህ (ሱ.ወ.) በቁርኣን በብዙ ቦታ በምድር ላይ እንድንሄድና ከኛ በፊት የነበሩ ሕዝቦች ፍጻሜያቸው ምን እንደ ነበር እንድንመረምር ያዘናል። በሱረቱ አር-ሩም ከኛ ይልቅ ብርቱ ስለነበሩ፣ ምድርን አርሰው ስለገነቧት ሕዝቦች ይነግረናል። በሱረቱ አን-ነምል ደግሞ የሰበእ ንግሥት ወደ ሱለይማን (ዐ.ሰ.) ሕንፃ ስትገባ እናገኛታለን። የመስተዋቱ ወለል ውሃ መስሏት ልብሷን ሰበሰበች፤ እውነቱ ሲነገራት ግን ዓይኗ እንዳታለላት ተረዳች፤ ለዓለማት ጌታም እጇን ሰጠች። በቁርኣን የተወሳ የቤተ መንግሥት ጉብኝት ማለት ይህ ነው።

የኢስላም ታሪክ በአገራችን የተጀመረውም በቤተ መንግሥት ነው። ሶሃቦች ከመካ ስደት ሸሽተው ወደ ሐበሻ ሲመጡ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) በነጃሺ ፊት ቆሞ ስለ ዲኑ መሰከረ፤ ከሱረቱ መርየምም አነበበ። ጉዳያቸው የተሰማው በንጉሥ አደባባይ ነው፤ ፍትሕ ያገኙትም እዚያው ነው። ስለዚህ የኢትዮጵያ ሙስሊም ልጅ «የነገሥታት ግቢ ከኔ ታሪክ ጋር ምን አገናኘው?» ሊል አይገባውም።

አንዳንድ ወንድሞች የሒጅርን ሐዲስ ያነሡብናል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ ተቡክ ሲጓዙ በሰሙድ ሕዝቦች መኖሪያ ሲያልፉ፣ ሶሃቦቻቸው እያለቀሱ ካልሆነ በስተቀር ወደዚያ እንዳይገቡ ማስጠንቀቃቸው ትክክል ነው። ያ ግን የአላህ ቅጣት የወረደበት ስፍራ ነበር። ለኛ ትምህርቱ ያለው በአገባባችን ላይ ነው። ሰው የጥንት ሰዎችን ቤት ሲረግጥ ልቡ ነቅቶ፣ የራሱንም መጨረሻ አስቦ ሊሆን ይገባል። ልጆቻችን እየተሳሳቁ ፎቶ ብቻ ተነሥተው ከተመለሱ አባትየው ገንዘቡን ለሰደቃ ቢያወጣው ይሻለው ነበር።

የሥዕሉንም ነገር በአጭሩ እንናገር። በአንድ ነገር ላይ ማየትና እርሱን ማላቅ ለየቅል ናቸው። ሥዕል በተሰቀለበት ክፍል አንሰግድም፤ የሶላት ሰዓት ሲደርስ ወጥተን በንጹሕ ቦታ እንሰግዳለን። በሙዚየም ያለውን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ወይም መስቀል ስናይም የጎረቤቶቻችን እምነት ቅርስ መሆኑን አውቀን በአክብሮት እናልፋለን። መቱ ውስጥ ግድግዳ ተጋርተን የምንኖር፣ በሐዘንና በሠርግ የማንለያይ ሰዎች የጎረቤታችንን ታሪክ ማወቅ ነውር አይሆንብንም።

አሁን ወደ ልጅቷ ጥያቄ እንምጣ። ጎንደርን የመሠረቷት ዐፄ ፋሲል ናቸው፤ ዘመኑም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር 1636 ነው። ግቢው በረጅም የድንጋይ አጥር የታጠረ፣ አሥራ ሁለት በሮች ያሉት፣ እየተከታተሉ የነገሡ ነገሥታት ቤት የጨመሩበት ነው። ዩኔስኮም በ1979 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። እኛም ከዓመታት በፊት ከጥቂት የመድረሳ አስተማሪዎች ጋር ሄደን አይተነዋል። መጀመሪያ ያየነው ድንጋይ ብቻ ነበር። የሚያነጋግረን ያጣነው ማንን መጠየቅ እንዳለብን ባለማወቃችን ነው።

ኋላ ግን በዐረብኛ የተጻፈ ምስክር እንዳለ ተማርን። አል-ሐሰን ኢብን አሕመድ አል-ሐይሚ የሚባል የየመን ቃዲ ነበር። ዐፄ ፋሲል በሙስሊም መልእክተኛ እጅ ወደ የመን ኢማም ደብዳቤ ይልኩ ስለ ነበር፣ የየመኑ ኢማም አል-ሙተወኪል ኢስማዒል ይህን ቃዲ ወደ ሐበሻ ላከው። በ1647 እ.ኤ.አ. ከየመን ተነሥቶ በበይሉል ወደብ በኩል የአፋርን ምድር በብዙ መከራ አቋርጦ በ1648 ጎንደር ደረሰ። ሲመለስም የጉዞውን ታሪክ ጻፈ። የንጉሡ ቤት ከድንጋይና ከኖራ የተሠራ ከፍ ያለና የሚያስደንቅ ሕንፃ መሆኑን፣ የሠራውም ሰው ህንዳዊ መሆኑን መዝግቦልናል።

ልብ በሉ። ከተማዋ ገና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለች የፋሲልን ሕንፃ በዓይኑ አይቶ ከጻፉት ቀዳሚዎች አንዱ ቁርኣንና ፊቅህ የተማረ ሰው ነው። ቃዲው ንጉሡ ወደ ኢስላም ይመጡ ይሆናል የሚል ተስፋ ይዞ ሄዶ ነበር፤ ንጉሡ ግን የፈለጉት የንግድ መንገድ ነበር። ተስፋው አልተሳካም። ያም ሆኖ ያየውን ሕንፃ ውበት አልካደም። ዛሬ የታሪክ ተመራማሪዎች ስለዚያ ዘመን ጎንደር ሲጽፉ የእርሱን ቃል ይጠቅሳሉ። የኛ ልጆች ግን ስሙን እንኳ አልሰሙም።

ቀጥሎ ያለው መራራ ነው፤ እርሱንም መናገር አለብን። ቃዲው ከሄደ ሃያ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1668 እ.ኤ.አ. በፋሲል ልጅ በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በጎንደር የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው በራሳቸው ሰፈር እንዲኖሩ ወሰነ። በቤተ እስራኤላውያንም ላይ ተመሳሳይ ውሳኔ ተላለፈ። የሙስሊሞቹ ሰፈር እስላምጌ ይባል ነበር፤ ዛሬ አዲስ ዓለም የምንለው ነው። የዚያ ሰፈር ሰዎች ነጋዴዎችና ሸማኔዎች ነበሩ። ሲራራ ነጋዴዎቻቸው በአንድ ወገን እስከ ምጽዋ፣ በሌላ ወገን እስከ ሲናር ይዘልቁ ነበር። ቤተ መንግሥቱ የሚለብሰውና የሚያጌጥበት ነገር በእነርሱ እጅ ያልፍ ነበር፤ ማታ ግን ወደ ተለየላቸው ሰፈር ይመለሳሉ።

ስለዚህ «የኛ ሰዎች ነበሩ ወይ?» ላለችው ልጃችን መልሱ «አዎ፣ ነበሩ» የሚል ነው። ከንጉሡ ጋር በእንግድነት የተነጋገረ ነበር፤ ዕቃ ያቀረበ ነበር፤ ከአጥሩ ርቆ እንዲኖር የተፈረደበትም ነበር። በግቢው ውስጥ የዐፄ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት የሚባል ያማረ ሕንፃ ቆሟል። ወላጅ ልጁን ይዞ እዚያ ፊት ሲቆም ሁለቱንም ይንገረው። መጽሐፍ ይወዱ የነበሩት ንጉሥ ጎረቤትን ከጎረቤት የለየውን ውሳኔ ያጸደቁትም ናቸው። ይህን የምንነግረው ቂም ለማውረስ አይደለም። የጎንደር ሙስሊምና ክርስቲያን ከዚያ ውሳኔ በኋላም በአንድ ገበያ ሲገበያዩ፣ ክፉና ደጉን አብረው ሲያሳልፉ ኖረዋል። ነገር ግን ልጅ ከወላጁ ያልሰማውን ታሪክ ከሌላ ሰው በቁጣ ተቀብሎ ይመጣል። ያኔ ማስተካከል ይከብዳል።

ፍትሕ ለራስም ላይ መመስከርን ያዛል፤ ሱረቱ አን-ኒሳእ በራሳችንና በወላጆቻችን ላይ እንኳ ቢሆን ለእውነት እንድንቆም አዞናል። ስለዚህ ወደ ጅማ ስንሄድ ሚዛናችንን መቀየር አንችልም። ከመቱ በያዮ፣ በበደሌና በአጋሮ አድርገን ጅማ ስንደርስ ከከተማው ወጣ ብሎ ጅሬን ኮረብታ ላይ የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ይጠብቀናል። ከእንጨት የተሠራው ፎቅ፣ ሰገነቱና ጥርቡ ዓይን ይይዛል፤ በአቅራቢያውም መስጊድ አለ። የንጉሡ የግል ዕቃዎች በከተማው ሙዚየም ይታያሉ። አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ገዙ። ለዐፄ ምኒልክ ግብር ለመክፈል ተስማምተው ሕዝባቸውን ከጦርነት አተረፉ፤ የውስጥ አስተዳደራቸውንም ለረጅም ጊዜ ጠበቁ። በዘመናቸው ጅማ ዑለማእ የሚሰበሰቡባት፣ ኪታብ የሚቀራባት አገር ሆነች። ልጆቻችን ሙስሊም ንጉሥ የኖረበትን ቤት ሲያዩ ደስ ይላቸዋል፤ ደስ ሊላቸውም ይገባል።

ግን በዚያው በጅማ የሂርማታ ገበያ ቡና፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ብቻ አልተሸጠበትም። ከደቡብና ከምዕራብ አገር የተነዱ ሰዎችም እንደ ዕቃ ተሸጠውበታል። ገዢውም ሻጩም ብዙ ጊዜ እንደኛ ሶላት የሚሰግድ ሰው ነበር። የጎንደርን አጥር ለልጃችን ነግረን የሂርማታን ገበያ ከደበቅን ያስተማርነው ታሪክ ሳይሆን ወገንተኝነት ይሆናል። በረመዳን የተራበን ሰው ሁኔታ በሆዳችን እንማራለን። በታሪክም ቢሆን የተበደለውን ሰው ሁኔታ በልባችን ልንማር ይገባናል፤ በዳዩ ማንም ይሁን።

ከዚህ በኋላ ወደ ገዛ አገራችን እንመለስ። ከመቱ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ጎሬ ለረጅም ጊዜ የኢሉባቦር ዋና ከተማ ነበረች። የልጅ ኢያሱ እንደራሴ የነበሩት ራስ ተሰማ ናደው ግቢያቸው እዚያ ነበር። በ1902 እ.ኤ.አ. በተደረገው ስምምነት እንግሊዞች በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ከያዙ በኋላ የጎሬ ቡና በበቅሎና በሰው ሸክም ወደ ባሮ ወንዝ ወርዶ፣ በክረምት በመርከብ ካርቱም ይገባ ነበር። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ጊዜያዊው መንግሥት የተቀመጠው ጎሬ ነው፤ ራስ እምሩም ወደዚያ መጥተዋል። ለጥቂት ወራት ነጻ የኢትዮጵያ መንግሥት መቀመጫ የነበረችውን ከተማ የመቱ ልጅ በሠላሳና አርባ ደቂቃ መንገድ ሄዶ ሊያያት ይችላል። ስንቶቻችን ልጆቻችንን ይዘን ሄደናል?

የሙስሊሙ ታሪክስ በኢሉባቦር ከተሞች የት ነው ያለው? እዚህ ላይ ነው እኛን የሚያሳፍረን። ከሃያ ዓመት በፊት በአካባቢያችን አንድ የቆየ መስጊድ ፈርሶ በብሎኬት ሲሠራ ከሠሪዎቹ አንዱ ነበርን። በሚህራቡ አጠገብ የእንጨት ሣጥን ነበር። ውስጡ በእጅ የተጻፉ ኪታቦች፣ ገጻቸው የላላ ሙስሃፎች፣ ምስጥ የነካቸው ወረቀቶች ነበሩ። ያረጀ ሙስሃፍ በአክብሮት መቀበር እንዳለበት ተምረናል። ስለዚህ ሣጥኑን እንዳለ፣ ሳንለይ፣ ከግቢው ጥግ ቀበርነው። ሥራችንን በሥርዓት የፈጸምን መስሎን አመሰገንን።

ከወራት በኋላ አንድ ሽማግሌ መጥተው «የአያቴ ኪታብ ከሣጥኑ ውስጥ ነበር፤ ከመጨረሻው ገጽ ላይ ሰዎቻችን ወደዚህ አገር የመጡበት ዘመንና የተከሉት መስጊድ ተጽፎ ነበር። በኦሮምኛም በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ መንዙማ ነበረው» አሉን። ቆፍረን አወጣነው። የቀረው የቆዳ ሽፋኑ ብቻ ነበር። ሽማግሌው አልተቆጡንም፤ ሽፋኑን ይዘው ሄዱ። ዛሬ በሕይወት የሉም፤ አላህ ይዘንላቸው። ልጅቷ «የኛ ሰዎች ነበሩ?» ስትለን ያን ሣጥን አስታወስን። የሌሎች ነገሥታት ታሪክ አልተነገረንም ብለን ስናማርር፣ የራሳችንን ታሪክ በገዛ እጃችን አፈር አልብሰነዋል።

ሌላ መንገድ እንዳለ ሐረር አሳይታናለች። በጀጎል ውስጥ ራስ ተፈሪ ይኖሩበት በነበረው ቤት ዛሬ የሸሪፍ ሙዚየም ይገኛል። አብደላህ ሸሪፍ የተባሉ የከተማዋ ተወላጅ ከየቤተሰቡ በእጅ የተጻፉ ኪታቦችን፣ አልባሳትን፣ ሳንቲሞችንና ጌጣጌጥን ሰብስበው አቆይተዋል፤ የላሉ ኪታቦችን የመጠረዝ ጥበብም ዳግም እንዲለመድ አድርገዋል። የመኳንንት ቤት የነበረው የቁርኣንና የኪታብ ማኖሪያ ሆኗል። የተጀመረው በአንድ ሰው ጥረት ነው። ከመቱ፣ ከጎሬ፣ ከበደሌ እንዲህ የሚነሣ ሰው አይጠፋም።

እንግዲህ ለአባትየው የምንለው ይህን ነው። ገንዘቡን ክፈል። ከቻልክ አንተም አብረህ ሂድ። ከመሄዳችሁ በፊት ማታ ከኢፍጣር በኋላ ልጅህን አስቀምጠህ ሦስት ጥያቄ በደብተሩ አስጽፈው፦ ይህን ቤት ማን አሠራው? በማን ጉልበትና በማን ገንዘብ ተሠራ? ከአጥሩ ውጭ የቀረው ማን ነበር? መልሱን አስጎብኚውን ይጠይቅ፤ አስጎብኚው ካላወቀ የአካባቢውን ሽማግሌ ይጠይቅ። ግድግዳ ላይ ስሙን አይጻፍ፤ አትንካ የተባለውን አይንካ። የሶላት ሰዓቱን ያስብ። ሲመለስ ለእናቱና ለታናናሾቹ ያየውን ይንገራቸው፤ ለሌላ ሰው ያላወሩት ነገር ቶሎ ይረሳል።

ጎንደር ሩቅ ነው፤ ወጪውም ለብዙ ቤተሰብ ከባድ ነው፤ የሚኬደውም የመንገዱ ሰላም ሲረጋገጥ ነው። እስከዚያው ጅማና ጎሬ ይበቁናል።

ለእናቶችና ለአባቶች በሙሉ ደግሞ አንድ አደራ አለን። በዚህ ረመዳን ቤታችሁን ለዒድ ስታጸዱ ከሣጥን ሥር፣ ከቆጥ ላይ አሮጌ ኪታብ ወይም ወረቀት ብታገኙ አትቅበሩት፤ አታቃጥሉትም። መጀመሪያ ዐረብኛ ለሚያነብ ሰው አሳዩት። የመጨረሻውን ገጽና በዳር ያለውን ጽሑፍ በስልካችሁ ፎቶ አንሡት። የማን እንደ ነበር፣ ከየት እንደ መጣ አያቶችን ጠይቃችሁ ጻፉበት። እኛም በመድረሳችን ይህን የሚመዘግብ ደብተር ከፍተናል፤ የመጀመሪያው መስመር ላይ የቀበርነውን ሣጥን ጽፈናል። ያችን ልጅም መዝጋቢ አድርገናታል።

አላህ (ሱ.ወ.) ጾማችንንና ሶላታችንን ይቀበለን። አይተው የሚማሩ፣ ሰምተው የሚያመዛዝኑ ልጆች ይስጠን። ለአገራችንም ሰላሙን ያውርድ። አሚን።